«እሺ» ብላ ወጣች፦ ነርስ ታካሚን እንዴት ታስተምር?

አክስቴ ደም ግፊት አለባት። የምትኖረው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው፤ ክትትሏ ግን ደሴ። አንድ ቀን ይዣት የምሄደው እኔ ሆንኩ። ነርሷ ጎበዝ ነበረች፤ ፊቷም የሚያሳርፍ። መድኃኒቶቹን ከላስቲኩ አንድ በአንድ እያወጣች አስረዳቻት። «ይቺን ጠዋት ይወስዳሉ፤ ይቺን ማታ። ጨው ይቀንሱ። በእግርዎ ይንቀሳቀሱ። ቀጠሮ እንዳይዘሉ።» አክስቴ በየመሐሉ «እሺ የኔ ልጅ»፣ «እሺ፣ አላህ ይስጥሽ» ትላለች። ምርቃቷን አዝንባ ተነሳን። ኮሪደሩን ሳንጨርስ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ምን አለችኝ?» አለች።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ አልሆነልኝም። ነርሷ ሥራዋን ሠርታለች። አክስቴም አልዋሸችም። እኛ አገር «እሺ» ብዙ ጊዜ አክብሮት ነው፤ ገባኝ ማለት ላይሆን ይችላል። የተማረ ሰው እየተናገረ አቋርጦ «አልገባኝም» ማለት ድፍረት ይመስላል። ከኋላ የተሰለፈውን ሰው ጊዜ መብላትም ነው። ስለዚህ ሰው «እሺ» ይልና ይወጣል። ከዚያ ኮሪደር ላይ ያገኘውን ይጠይቃል።

ነገሩ የወሎ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2003 የወጣና እስካሁን በብዛት የሚጠቀስ አንድ የጥናት ዳሰሳ እንዲህ ይላል፦ ሕመምተኞች ከሐኪምና ከነርስ ከሚሰሙት ውስጥ ከ40 እስከ 80 በመቶው ወዲያውኑ ይጠፋቸዋል። ከሚያስታውሱትም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ ነው። ፊደል የቆጠረውም ያው ነው። ሰው ሲታመም፣ ሲፈራ፣ ውጤት ሲጠብቅ ጆሮው ሌላ ቦታ ነው።

እንግዲህ የነርስ የማስተማር ጥበብ የሚጀምረው ከዚች «እሺ» ወዲያ ነው። እሺታውን ተቀብላ ወደ ቀጣዩ ካርድ ከሄደች ተናግራለች እንጂ አላስተማረችም።

«ገባዎት?» አይጠየቅም

«ገባዎት?» ተብሎ «አልገባኝም» የሚል አዛውንት ወሎ ውስጥ ካለ አሳዩኝ። ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ጥሩ ነርሶች ሌላ ነገር ይላሉ። «እማዬ፣ አሁን ቤት ሲገቡ ልጆችዎ ‹ምን አለችሽ?› ቢሉ ምን ይሏቸዋል?» ወይም፦ «እኔ ዛሬ ቶሎ ቶሎ አውርቻለሁ። በደንብ ማስረዳቴን እንዳይ እስቲ መልሰው ይንገሩኝ።»

የሁለተኛዋን አነጋገር ልብ በሉ። ፈተናው የማን ሆነ? የነርሷ። አዛውንቷ ብትሳሳት የተሳሳተችው አስረጂዋ ናት፤ ስለዚህ ማንም አያፍርም። በሙያው ይህ ዘዴ በሰፊው የሚመከር ነው፤ በአማርኛ «መልሰው ይንገሩኝ» ብንለው ይበቃል። ሁለት ሕግ አለው። አንደኛ፣ ታካሚው በራሱ ቃል ይናገር፤ የነርሷን ቃል እንደ በቀቀን መድገም አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ከተሳሳተ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ጮክ አድርጎ መድገም የለም። በሌላ መንገድ ይነገራል፤ በምሳሌ፣ በጣት፣ በሥዕል። ከዚያ እንደገና መልሰው ይንገሩኝ። (ድምፅን ከፍ ማድረግ ማስረዳት የሚመስላቸው ባለሙያዎች አሉ። ሴትየዋ ጆሮዋ ደህና ነው።)

መጠንም አለው። አሥር ምክር በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ከአሥሩ አንዱም አእምሮ ውስጥ አይቀርም። ለዛሬ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነገር ይበቃል። አንዱ ይነገራል፣ ይጠየቃል፣ ሲያዝ ወደ ሌላው ይታለፋል። ለወሎ ሰው ይሄ አዲስ መሆን አልነበረበትም። አቦሉ ተጠጥቶ፣ ተጫውተንበት ነው ቶናው የሚመጣው። አቦልን፣ ቶናንና በረካን በአንድ ሲኒ ቀላቅሎ የሚያቀርብ ቡና አፍይ አላየሁም።

ብዙ ጤና ተቋም ውስጥ የጠዋት የጤና ትምህርት የሚባል አለ። ነርስ ወይም ሌላ ባለሙያ መጠበቂያው ላይ ቆሞ ስለ ወባ ወይም ስለ ቲቢ ይናገራል። ስንት ሰው እንደተገኘ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ሰዉ ካርዱን፣ ተራውን፣ ስሙ የሚጠራበትን በር ነው የሚያዳምጠው። ልጅ ያለቅሳል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል ትወለውላለች። እኔ ብሆን ያቺን ሩብ ሰዓት ከፍዬ፣ በስኳር ክትትል ቀን ስኳር ያለባቸውን ስድስት ሰባት ሰዎች ክብ አስቀምጬ «እናንተስ እንዴት ነው የምታደርጉት?» ብዬ እጀምር ነበር። ነገሩን ሲሞክረው የኖረ ታካሚ ከነርስ በላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ቀበሌ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቡና ላይ ሲያስተምሩ ሰው የሚያዳምጠውም ለዚህ ይመስለኛል። እዚያ ሁሉም ይናገራል።

ሰዓቱ የማን ነው?

ወረቀቱ ላይ «በየ8 ሰዓቱ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። አንድ ገበሬ ይህን ሰምቶ በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ፍሬ ቢውጥ ማን ይፈርድበታል? የተነገረው እኮ «በየስምንት ሰዓቱ» ነው። ስለዚህ በግልጽ ይነገር፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። ሰዓት የሌለው ቤት ከሆነ ደግሞ ቀኑን የሚቆርጥለትን ነገር ይጠይቁት። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ለአንዱ «ከሱብሂ ሶላት ስመለስ» ይሆናል፣ ለሌላው «ቅዳሴ ሲደወል»፣ ለሌላው «ላሟን አልቤ ስገባ»። ማንበብ ለማይችል ሰው ፓኮው ላይ ፀሐይና ጨረቃ መሣል የቆየ ዘዴ ነው፤ አሁንም ይሠራል።

ጾም የሚባለው ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ አጥር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት የሚኖርበት አገር ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ረመዳን ደግሞ ከንጋት እስከ መግሪብ ውኃ እንኳ አያስቀምስም። «ከቁርስ በኋላ» የተባለች ክኒን በረመዳን ምን ትሁን? ነርሷ ካልጠየቀች ታካሚው ራሱ ይወስናል፤ ውሳኔው ብዙ ጊዜ መተው ነው ወይም ሁሉንም አፍጥር ላይ በአንዴ መዋጥ።

ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ንግግሩ ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ወር ከሁለት ወር በፊት መጀመር አለበት፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት የሚቀየር ከሆነ ሐኪሙ ጊዜ እንዲያገኝ። ታካሚው ሁለት ቁጥር ይዞ ይሂድ፦ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ይፈታል። መለኪያ ለሌለው ደግሞ የስኳር መውረድ ምልክቱን፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረኀብ። «አትጹም» ብሎ መቆጣት ብዙም አይሠራም። ቁርኣኑ የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ መፍቀዱን ታካሚው ያውቃል። ሆኖም የሰፈሩን ኢማም፣ ክርስቲያኑም የንስሐ አባቱን ቢያማክር ሸክሙ ይቀልለታል። ነርሷ እነሱን እንደ ተቃዋሚ ሳይሆን እንደ አጋር ብትቆጥር ያዋጣታል። በጸበልም ያው ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያቺ ንግግር ከብዙ ፖስተር በላይ ሠርታለች ብዬ አምናለሁ።

እጅ ያየውን

አንዳንድ ትምህርት በአፍ አይሆንም። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ውሰዱ። አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። ቀላል ይመስላል። ግን ሊትር ስንት ነው? እናትየው ቤት ያለው ጣሳ፣ ጆግና የሃይላንድ ላስቲክ ነው። ሃይላንዱም ግማሽ ሊትር አለ፣ አንድ ሊትር አለ፣ ሁለት ሊትር አለ። በግማሽ ሊትር ከበጠበጠችው ጨውና ስኳሩ ይበዛል፤ ሕፃኑን ይጎዳዋል። በሁለት ሊትር ከሆነ ደግሞ ቀጥኖ ከሚገባው ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ጎበዟ ነርስ ባዶ ሃይላንድ ጠረጴዛዋ ላይ አታጣም። «እቤት ያለሽ የትኛው ነው?» ትላለች። እናትየው ታሳያለች። እዚያው በእጇ ትበጠብጣለች። በማንኪያ ቀስ እያለች ታጠጣለች። 24 ሰዓት ካለፈው እንደሚደፋ ይነገራታል። አብሮ የሚሰጠውን ዚንክ ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን እንደምትቀጥል ትደግማለች። አራት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ኢንሱሊንም እንዲሁ። መርፌውን ነርሷ ወግታ ከላከችው ታካሚው የተማረው ሌላ ሰው ሲወጋው ዝም ማለትን ብቻ ነው። እሱ ይቅዳ፣ እሱ ይውጋ፣ እሷ ትይ። ደመና የመሰለው ኢንሱሊን በመዳፍ መሐል በቀስታ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም። የሚወጋበት ነጥብ በየጊዜው ይቀያየራል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ይህን ባቲ ወይም ሐርቡ ለሚኖር፣ ፍሪጅ ለሌለው ሰው ነግሮ ዝም ማለት ግን ጭካኔ ነው። በሸክላ ዕቃ፣ ዙሪያውን በእርጥብ አሸዋ፣ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ በሞቃት አገሮች የተለመደ መላ ነው። ውኃ በእንስራ ያቀዘቀዘች እናት ይህን ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅባትም። ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ካለም ጥሩ፤ ግን በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳያስገባው። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን አይጠቅምም፤ ይጣላል።

አስም ያለበት ሕፃን ላይ ሃይላንዱ እንደገና ይመጣል። መንፊያውን (ኢንሄለሩን) ከመተንፈስ ጋር ማገጣጠም ለልጅ ከባድ ነው። የግማሽ ሊትር ላስቲክ ቂጡ ላይ በመንፊያው አፍ ልክ ተበስቶ፣ ልጁ በላስቲኩ አፍ በኩል ቢተነፍስ መድኃኒቱ ወደ ሳንባ ይደርሳል። በጥናት የተፈተሸ ነገር ነው። በነፃ የሚገኝ ላስቲክ!

አስቀድሞ መንገርም ትልቅ ዘዴ ነው። የቲቢ ሕክምና ብዙ ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንትን ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ያደርጋል። ጉዳት የለውም። ይህን ሳይነገረው የሄደ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «ደም ሸናሁ» ብሎ ይደነግጣል። ከዚያ መድኃኒቱን ቢጥለው አይገርምም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች የቀረችው። ስለ ባክቴሪያው ከተነገረው ሁሉ ትበልጥ ነበር።

አስታማሚው፣ ስልኩና «አብሽር»

ማን ነው ተማሪው? አልጋ ላይ ያለው ብቻ አይደለም። ድስቱን የምትጥደው ምራት ናት። ጨው ቀንስ የተባሉት አባባ ግን ድስት ነክተው አያውቁም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል፤ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ ጋ ጨው ወጡ ላይ ብቻ አይደለም፤ በርበሬው ሲደለዝ ገብቷል፣ ሽሮው ሲፈጭ ገብቷል፣ ዳቦው ውስጥም አለ። ይህን ለማስተማር ምራቲቱን ማስጠራት ነው። ለአንድ ሰው ለብቻ ድስት መጣድ ማገዶ ነው፣ ድካም ነው። የሁሉንም ድስት ቀለል አድርጎ፣ የፈለገ ገበታ ላይ ይጨምር ማለት ይቀላል።

ገንዘቡን የምትልከው ልጅ ደግሞ ጅዳ ወይም ሪያድ ልትሆን ትችላለች። መድኃኒት ይቀየር አይቀየር ብላ የምትወስነው እሷ ናት። አንዳንድ ነርሶች «ስልክዎን ያውጡ፣ የምነግርዎትን ይቅዱት» ይላሉ። አንድ ደቂቃ ድምፅ። ቤት ሲገቡ ደግመው ያዳምጡታል፤ በኢሞ ለልጅቷ ይላካል። ከሚታጠፍ ብሮሹር ይህን እመርጣለሁ።

ቋንቋስ? ደሴ ያለ ሆስፒታል ከከሚሴና ከባቲ ኦሮምኛ ተናጋሪ ይመጣበታል፤ ከቆላው አፋር። ሰቆጣ ላይ ኽምጣንጋ ይሰማል። አስተርጓሚ ሲጠፋ የአሥር ዓመት ልጅ ይጠራል። ልጁ ስለ እናቱ ማሕፀን እንዲተረጉም ይጠየቃል። እናት ምን ትላለች? እሺ።

አንድ የራሳችን ቃል አለን፤ «አብሽር»። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ደስ ይበልህ፣ አይዞህ ማለት። ወሎ ውስጥ ነርስ «አብሽሪ እናቴ» ስትል የታካሚዋ ትከሻ ሲወርድ ይታያል። የፈራ ሰው ስለማይማር መጀመሪያ ላይ ማለቷ ልክ ነው። ችግሩ ቃሏ መጨረሻ ላይ ትምህርቱን ተክታ ስትመጣ ነው። «ምን ሆኜ ነው?» «አብሽሪ፣ ደህና ትሆኛለሽ።» ጥያቄው እዚያው ቀረ።

ጫትም ላይ እንዲሁ ነው። ጫት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ዱዓ ላይ የሚቅመውን ሰው «አቁም» ብትለው የሚቀረው ጫቱ ሳይሆን እውነቱ ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ትቻለሁ» ይልሃል። «በሳምንት ስንት ቀን ነው? መድኃኒቱንስ ያን ቀን መቼ ነው የምትወስደው?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ሲገባ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ሰው ተፈናቀለ፤ ካርድና መዝገብ የገባበት ጠፋ። ተፈናቅሎ ሌላ ከተማ የደረሰ የግፊት ሕመምተኛ «የምወስደው ያቺን ነጭ ክኒን ነው» ካለ ነጭ ክኒን መቼም ብዙ ነው። «አምሎዲፒን፣ 5 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ» ያለው ግን የትም ፋርማሲ ይስተናገዳል። የመድኃኒትን ስምና መጠን ማስጠናት እስከዚያ ድረስ እንደ ቅንጦት ነበር የሚታየው። ቢያንስ ኪስ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ላይ ይጻፍላቸው።

«ጊዜ የለም» የሚለውን የነርሶች መልስ አውቃለሁ፤ እውነት ነው። አንዲት ነርስ፣ ከበሩ ውጭ የተኮለኮለ ሰው። ግን የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ። ከመድኃኒቶቿ አንዱ ሽንት የሚያበዛው ነው። በቀጠሮ ቀን ከሐይቅ ሚኒባስ ትሳፈራለች፤ መንገድ ላይ «አውርዱኝ» ማለት ታፍራለች። ስለዚህ ያን ቀን ክኒኗን አትወስድም። ከዋዜማውም ትተዋለች። ደሴ ስትደርስ ግፊቷ ከፍ ብሎ ይለካል። «መድኃኒቱን በደንብ ይወስዳሉ?» «እሺ፣ አዎ።» ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። ሁለት ጊዜ ተጨምሯል። ይህ ሁሉ የመጣው የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ነርስ ነበረች። ወጣት ናት፤ ምናልባት ከወጣች ዓመት አይሞላትም። መድኃኒቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና «እማዬ፣ አሁን እኔ ነኝ ታማሚዋ። እርስዎ ያስተምሩኝ» አለቻት። አክስቴ ሳቀች። ከዚያ አንዷን አነሳች። «ይቺን ጠዋት ትወስጃለሽ፤ መንገድ ካለሽ ግን ተይው» አለች። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ጻፈች፤ በመንገድ ቀን ደርሰው ከወረዱ በኋላ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙን እንደምትጠይቅ ነገረቻት። አክስቴ ሁለተኛዋን አነሳች። «ይቺን ማታ። ግማሹን ለጎረቤትሽ ትሰጫለሽ፤ እሷም እንዳንቺው ግፊት አለባት፣ ካርድ የላትም።»

እኔ ተሸማቀቅኩ። ነርሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ጎረቤትዎ ስማቸው ማን ነው?» አለች። «በሚቀጥለው ይዘዋቸው ይምጡ።»

«እሺ» አለች አክስቴ።

«መቼ ነው የሚመጡት?» አለቻት ነርሷ።